ብርሃንና ማጣሪያ፦ ለባሕር ውሃ አኳሪየም ዕቃ የመምረጥ ጥያቄ

የባሕር ውሃ አኳሪየም ለማቋቋም የተነሣ ሰው ሁለት ጥያቄ ይዞ ሱቅ ይገባል፤ የትኛውን መብራት ልግዛ፣ የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ። ሻጩ ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ ላይ ያሳየዋል። መጽሐፎቹም በየራሳቸው ምዕራፍ ለይተው ይጽፏቸዋል። ባለፉት ስድሳ ዓመታት የተሞከረውንና የተለካውን ሰብስቦ ላየ ግን ጥያቄው አንድ ነው። መብራቱ ውሃው ውስጥ ያለው ሕይወት በምን ፍጥነት እንዲሠራ እንደሚገደድ ይወስናል፤ ማጣሪያው ደግሞ ለዚያ ሥራ የሚሆነው ምግብ ምን ያህል ውሃው ውስጥ እንደሚቀር ይወስናል። አንዱን ብቻ አጠንክሮ ሌላውን የተወ ሰው ገንዳውን ያናጋል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው የከሸፉ ገንዳዎች የከሸፉት ዕቃቸው ርካሽ ስለነበር ሳይሆን ሁለቱ ዕቃዎች ስላልተመጣጠኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁለቱም ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ገንዳው ውስጥ ማን ሊኖር ነው? ዓሣ ብቻ የሚያኖር ሰው መብራት የሚገዛው ለራሱ ዓይን ነው። ክላውንፊሽ ቀንና ሌሊቱን የሚለይበት ብርሃን ካገኘ ሌላ አይፈልግም፤ ተራ የኤልኢዲ መብራት ይበቃዋል። የዚህ ሰው ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ ማጣሪያው ነው። ዓሣ የበላውን ምግብ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ይለቀዋል። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4 ስለሆነ ደግሞ እዚያ ውስጥ ያለ አሞኒያ፣ ፒኤቹ ዝቅ ካለ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ይልቅ፣ በርከት ያለው ክፍሉ መርዛማ መልኩን ይይዛል። በወንዝ ዓሣ ገንዳ ይቅር የሚባል ቸልተኝነት እዚህ ዓሣ ይገድላል።

ኮራል የሚያኖር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ኮራል እንስሳ ቢሆንም በሥጋው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያሳድራል። አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር ሠርተው አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኮራሉም መጠለያ ይሰጣቸዋል፣ ከራሱ ተረፈ ምርት የሚወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ያቀርብላቸዋል። ብርሃን ያነሰው ኮራል በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይራባል። ብርሃን በድንገት የበዛበት ደግሞ አልጌዎቹን ያጣና ነጩ አጽሙ በሥጋው ውስጥ እስኪታይ ይገረጣል። ሁሉም ኮራል እኩል ብርሃን አይፈልግም። ለስላሳ ኮራሎችና እንጉዳይ መሳይዎቹ በጥቂቱ ይረካሉ፤ ትልልቅ አፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች መካከለኛውን ይወዳሉ፤ እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋሞች ግን ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ፀሐይ ፊት ለፊት ሲያርፍባቸው የኖሩ ናቸው።

የመብራቱ ሣጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ነው። ዋት መብራቱ ከግድግዳው የሚስበውን ኤሌክትሪክ እንጂ ኮራሉ ዘንድ የሚደርሰውን ብርሃን አይናገርም። ይህን የሚናገረው የአኳሪየም ጠባቂዎች ፓር የሚሉት ልኬት ነው፤ ለብርሃን አስተፃምሮ የሚያገለግለው፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ማይክሮሞል እንደሚያርፍ የሚቆጠርበት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ፣ ጠራ ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ የባሕሩ ገጽ ወደ 2000 ይቀበላል። በገንዳ ውስጥ ለለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ለአክሮፖራ ከ200 እስከ 350 ያህል የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ትርፉ ትንሽ ነው፤ የአብዛኞቹ ኮራሎች አልጌ ከእኩለ ቀን ፀሐይ በእጅጉ ባነሰ ብርሃን ይጠግባል፣ ከጠገበ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ሸክም ይሆንበታል። ሻጮች “ይህ መብራት 800 ያወጣል” ብለው የሚያሞግሱት ቁጥር ስለዚህ ብዙም አያስደንቀኝም። የሚያስፈልገው ቁጥሩ በገንዳው ወለል ላይ፣ በመሐሉና በጥጋጥጉ ምን ያህል ተቀራራቢ እንደሆነ ማወቅ ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው በስልኩ ሊለካ ይሞክራል። ስልክ የሚለካው ሉክስ ነው፤ ሉክስ ደግሞ የሰው ዓይን አረንጓዴና ቢጫ ብርሃንን እንደሚያስበልጠው ሁሉ ለእነሱ የሚያደላ ልኬት ነው። የኮራል መብራት በአብዛኛው ሰማያዊ ስለሆነ ሉክስ እጅግ አሳንሶ ያነበዋል። ቀድሞ የተሠሩት ርካሽ የፓር መለኪያዎችም ሰማያዊውን በመጠኑ ያሳንሱ ነበር። ጥሩ መለኪያ ውድ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ክለቦችና ሱቆች ስለሚያከራዩት ግን መግዛት ግድ አይደለም። ገንዳው ሲተከል አንድ ቀን መከራየት ከየትኛውም ተጨማሪ አምፖል ይበልጣል።

ሰማያዊ የሚበዛው ለውበት ብቻ አይደለም። ውሃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይውጠዋል፤ አሥር ሜትር ላይ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይሄዳል። የዙዛንቴላ ቀለሞችም ለዚህ ብርሃን የተሠሩ ናቸው፤ ክሎሮፊላቸውም ፔሪዲኒን የሚባለው ቀለማቸውም ብርሃን በብዛት የሚቀበሉት በሰማያዊውና በሰማያዊ አረንጓዴው ክልል ነው። አምፖል ላይ የሚጻፈው 10000፣ 14000፣ 20000 ኬልቪን የሚለው ቁጥር ሰማያዊነቱን በግምት የሚናገር ስለሆነ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ ሁለት “14000” አምፖሎች ሲበሩ ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና መምህር የሆነው ሳንጄይ ጆሺ በትርፍ ጊዜው እነዚህን አምፖሎች እያነጻጸረ ለዓመታት ለክቶ ውጤቱን ሲያወጣ፣ በሣጥን ላይ በሚጻፍ ቃልና በሚለካ ነገር መካከል ያለው ርቀት ለብዙዎች ግልጽ ሆነ።

ኮራል በቤት ውስጥ በሰፊው እንዲኖር በሩን የከፈተው ሜታል ሃላይድ ነው። ለአዳራሽና ለስታዲየም የሚሆነውን ይህን መብራት የጀርመን ጠባቂዎች ወደ ገንዳቸው ሲያመጡት ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን አገኙ፤ ማዕበሉ ሲንቀሳቀስ በአሸዋው ላይ የሚርገበገበው የብርሃን መስመር እውነተኛ ባሕር ያስመስለዋል። እኔም በውበት ከእሱ የሚደርስ አላየሁም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ባለ 250 ዋት አንድ አምፖል በቀን ስምንት ሰዓት ከበራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 120 ሴንቲሜትር የሚረዝም ገንዳ ደግሞ ሁለት ይፈልጋል። ሙቀቱ ውሃውን ስለሚያሞቀው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ሰው ውሃ ማቀዝቀዣ ለመጨመር ይገደዳል። የብርሃኑ ቀለም እያደር ስለሚዛባ አምፖሉ በየዓመቱ ግድም ይለወጣል።

ቲ-5 የሚባሉት ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች በተቃራኒው የጥላ ጠላት ናቸው። ስድስት ወይም ስምንት ቱቦ ጎን ለጎን ሲደረደር ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ የቅርንጫፉ ሥር እንኳ አይጨልምም። አክሮፖራ ለማሳደግ ብቻ የሚጨነቁ ብዙ ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች እስካሁን የማይለቋቸው ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ከገበያው ነው፤ በውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ የአውሮፓ ኅብረት ለአጠቃላይ መብራት የሚውሉትን ቲ-5 ቱቦዎች ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይወጡ ከልክሏል። ለአኳሪየም ብቻ የሚሠሩ ቱቦዎች ዛሬ ቢገኙም ኢንዱስትሪው እየጠበበ ሲሄድ ዋጋቸው ወዴት እንደሚያመራ መገመት አይከብድም። በዓመት አንዴ ሊለወጥ የሚገባ ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

ኤልኢዲ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ለኮራል የሚያስፈልገው ሰማያዊው ስለሆነ ብርቱ ሰማያዊ ኤልኢዲ እስኪሠራ ድረስ ቴክኖሎጂው ለአኳሪየም ዋጋ አልነበረውም፤ ይህን የፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የመጀመሪያዎቹ የአኳሪየም ኤልኢዲዎች ብዙ ኮራል አቃጥለዋል። ዓይን ሰማያዊውን አሳንሶ ስለሚያይ ጠባቂው ገንዳው የደበዘዘ መስሎት ኃይሉን ከፍ ያደርጋል፤ በሌንስ የተሰበሰበው ብርሃን ግን መሐል ላይ ያለውን ኮራል እየጠበሰ ጎን ያለውን ያስርባል። ዛሬ ሌንሶቹ ሰፋ ብለዋል፣ የዳዮዶቹ ቀለምም ተበራክቷል። 50000 ሰዓት የሚል ዕድሜ ይጻፍባቸዋል፤ በቀን አሥር ሰዓት ቢበሩ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ዳዮዱ ሳይሆን ማራገቢያውና ኃይል ሰጪው ክፍል ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት መለዋወጫ መኖሩን መጠየቅ ዕድሜውን ከማንበብ ይሻላል።

ዛሬ አዲስ ገንዳ ለሚተክል ሰው ምክሬ ኤልኢዲ ነው፤ ከአንድ ኃይለኛ ይልቅ ሁለት መካከለኛ። ሁለት ምንጭ ሲኖር ጥላው ይቀንሳል፣ አንዱ ቢበላሽም ገንዳው ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። በስልክ ለሚታዘዝ ነጎድጓድና ደመና የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለኮራሉ ምንም አያደርግለትም። ማብሪያና ማጥፊያው ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነና ኃይሉ በመቶኛ የሚስተካከል ከሆነ በቂ ነው። አዲስ ኮራል ሲገባ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

የመብራት ቁጥጥር እስከየት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። በለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም አኳሪየም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓትን፣ የጨረቃን ዑደትና የውሃውን የወቅት ሙቀት በመቆጣጠሪያ እየመሰሉ አክሮፖራ ኮራሎች እንደ ተፈጥሮ ባሕራቸው በወቅቱ እንቁላልና ዘራቸውን በውሃው ውስጥ እንዲለቁ አደረጉ፤ ዘዴውንም በ2017 በዝርዝር አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ፍሎሪዳ አኳሪየም ይህንን መንገድ ተከትሎ በአትላንቲክ ለመጥፋት የተቃረበውን የዓምድ ኮራል በ2019 በገንዳ ውስጥ አስወልዷል። ለቤት ጠባቂ ይህ አስፈላጊ አይደለም። ነገር ግን ደካማ ሰማያዊ የጨረቃ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ የሚተዉ ሰዎች ከዚህ የሚማሩት አለ፤ ጨረቃ በየሌሊቱ አትሞላም፣ ኮራሉም የጨለማውን ቀን ይቆጥራል።

ወደ ማጣሪያው ስንሻገር ታሪኩ ከመብራቱ ይልቅ በተቃራኒ ሐሳቦች የተሞላ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት መሠረት አለ፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ይህ ሠራዊት እስኪቋቋም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ የሚገባ ዓሣ በመርዝ ይሠቃያል። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ብዙም አይጎዳም፣ ግን ይከማቻል። ክርክሩ ሁሉ ያለው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ የተከማቸውን ማን ያውጣው?

በጃካርታ ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ጠባቂ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ባክቴሪያውም ትላትሉም አብሮት ያለበትን ሕያው ድንጋይ ከባሕር አምጥቶ፣ አየር ብቻ እየነፋበት፣ ያለ ማጣሪያ እንዴት እንደሚኖር ገለጸ። ብዙዎች አላመኑትም። እሱ የነበረው በባሕር ዳርቻ ነው፤ ድንጋዩ ሳይሞት የሚደርስለት፣ ውሃውን እንደ ልብ የሚለውጥ፣ የሐሩር ፀሐይ የሚያገኝ ሰው ነበር። በሰሜን አገር የነበሩት ከጠጠር በታች ውሃ የሚስብ ማጣሪያ ይዘው ቀሩ፤ ጠጠሩ ቆሻሻ እያጠራቀመ ናይትሬቱን ይከምረው ነበር። በ1986 ጆርጅ ስሚት በአሜሪካ መጽሔት ላይ ባወጣቸው ጽሑፎች የተስፋፋው ውሃ እያንጠባጠበ የሚወርድበት ማጣሪያ ደግሞ አሞኒያውን በፍጥነት ይጨርስና ናይትሬቱን እንዲሁ ይተወዋል። ዛሬ በቆርቆሮ መሳይ ዕቃ የሚሸጡት የታሸጉ ማጣሪያዎችም ስፖንጃቸው በየሳምንቱ ካልታጠበ ከዚህ ዕጣ አያመልጡም።

የኤንግን ሐሳብ ለሰሜኑ አገር ያበቁት የበርሊን ጠባቂዎችና ስዊዘርላንዳዊው ፒተር ዊልከንስ ናቸው። የበርሊን ዘዴ የሚባለው ሕያው ድንጋይ፣ ብርቱ መብራት፣ የካልሲየም ጠብታና ፕሮቲን ስኪመር ነው። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ሲለውጡ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጠኛው ቀዳዳ ያሉት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሸኙታል። ስኪመሩ የቀረውን ሳይበሰብስ በአረፋ ያወጣዋል። በሞናኮ ዣን ዦበር ከወፍራም አሸዋ በታች ውሃ የተኛበት ባዶ ክፍተት ትቶ ያንኑ ሥራ ለአሸዋው ሰጠው። በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ዋልተር አዴይ ስኪመሩን ጭራሽ ጥሎ ውሃውን በብርሃን በተሞላ የአልጌ ምንጣፍ ላይ አሳለፈው፤ ከዚያ ያደገውን አልጌ እየላጩ መጣል ነው። ሦስቱም ሠርተዋል፣ ሦስቱም ከሽፈዋል። አድናቂዎቻቸው ለዓመታት ሲሟገቱ የኖሩት ስለ ዕቃው ነው። እኔ ግን ልዩነቱ ያለው በሚገባው ምግብ መጠን ላይ ይመስለኛል፤ ዓሣው ጥቂት በሆነበት ገንዳ ሁሉም ዘዴ ያሸንፋል።

ስኪመር ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል። የፕሮቲንና የስብ ሞለኪውሎች አንድ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል፤ የአየር አረፋ ሲያገኙ የሚሸሸው ጫፍ ወደ አየሩ ይጣበቃል። በጨዋማ ውሃ አረፋው ደቃቅ ሆኖ ስለሚቆይ ብዙ ገጽ ይኖረዋል፤ ጨው በሌለው ውሃ ግን ዕቃው አይሠራም ማለት ይቻላል። በ2009 የፔንስልቬንያ ስቴት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ኬን ፌልድማንና ኬሊ ሜርስ የተለያዩ ስኪመሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአግባቡ ሲለኩ፣ የገበያውን ወሬ የሚያናጋ ነገር ተገኘ። ስኪመሮቹ ያወጡት ከውሃው ኦርጋኒክ ካርቦን ከአምስት እጅ አንዱን እስከ ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። የዋጋው ልዩነት ትልቅ ሲሆን የሥራው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም። ስለዚህ ከገንዳው መጠን አንድ ደረጃ ከፍ የሚል፣ ለማጽዳት የሚመች፣ ፓምፑ ጸጥ ያለ መካከለኛ ስኪመር ይበቃል። አረፋው ከማያወጣው ውስጥ ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም አክቲቭ ካርቦን ያነሣዋል። ስኪመር ሌላ ውለታም አለው፤ ውሃውን በኦክስጅን ይሞላዋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

የአዴይ ሐሳብ ለስለስ ባለ መልኩ ዛሬ በብዙ ቤቶች አለ። ከዋናው ገንዳ ሥር ያለው ሳምፕ ውስጥ በሌሊት መብራት እየበራለት ኬቶሞርፋ የሚባል እንደ ሽቦ የተጠላለፈ አልጌ ይበቅላል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ይበላል፣ ዋናው መብራት ሲጠፋ የሚወርደውን ፒኤችም ይደግፋል። እዚህ ላይ መብራት ራሱ ማጣሪያ ሆነ። ቀደም ሲል ለዚሁ ሥራ ኮለርፓ የሚባለው አልጌ ይመረጥ ነበር፤ በዚህ ግን አጥብቄ እለምናለሁ፣ አይሁን። በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ግርጌ ባለው ባሕር ውስጥ ትንሽ ኮለርፓ ታክሲፎሊያ ታየ፤ ለአኳሪየም የተራባ፣ ቅዝቃዜ የሚችል ዘር ነበር። የኒሱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሜኔስ ሲያስጠነቅቅ ሰሚ አጣ፣ አልጌውም የሜዲትራኒያንን ወለል እየሸፈነ ሄደ። በ2000 በካሊፎርኒያ ባሕር ሲገኝ ለማጥፋት ስድስት ዓመትና ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። በኤላት፣ በጂዳ፣ በዱባይ ባሕር አጠገብ ለሚኖር ጠባቂ የገንዳ ትርፍራፊን ወደ ባሕር መድፋት ወንጀል ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

አሁን ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታ ደረስን። ከ2000ዎቹ ጀምሮ ጠባቂዎች ፎስፌት የሚጠባ የብረት ኦክሳይድ ፍሬ፣ ባክቴሪያ የሚያበዛ የካርቦን ምግብ፣ ግዙፍ ስኪመር እየደረቡ ውሃውን ከንጥረ ነገር ሙሉ በሙሉ ሊያራቁቱት ሞከሩ። የባሕሩ ውሃም ንጥረ ነገሩ እጅግ ትንሽ ነው የሚል ምክንያት ነበራቸው። ባሕሩ ግን ለኮራሉ ቀንም ሌሊትም ደቃቅ ሕይወት እያጎረሰው ነው፤ ገንዳው አያጎርሰውም። ብዙ ኮራሎች ገረጡ፣ ባዶውን ውሃ ደግሞ ቡናማ ልጋግ የሚመስሉ ዳይኖፍላጀሌቶች ወረሱት።

ምክንያቱን በሳይንስ ያሳዩት በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራቸው በ2013 በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ መጽሔት ታትሟል። በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ ናይትሬት ሞልቶ ፎስፌት ሲጠፋ ዙዛንቴላዎቹ መራባታቸውን አያቆሙም፣ ነገር ግን ፎስፈረስ ስለሚርባቸው የሽፋናቸው ቅባት ይለወጣል። እንዲህ የተራበ አልጌ ሌላው የሚችለውን ብርሃንና ሙቀት መሸከም ያቅተዋል፤ ኮራሉ ይገረጣል። በዚህ ግኝት መሠረት ብርሃን “በዛ” ወይም “አነሰ” የሚባለው ከውሃው ጋር ተያይዞ እንጂ ለብቻው አይደለም። ፎስፌት የሚጠባውን ዕቃ ዛሬ የጨመረ ሰው መብራቱን ሳይነካው የመብራቱን ጉዳት ከፍ አድርጓል። መብራቱን ያጠነከረ ሰው ደግሞ ምግቡንም ማሳደግ ይኖርበታል። አብዛኞቹ ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች ዛሬ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌቱን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ የሚያቆዩት ለዚህ ነው፤ ዜሮ የሚለው ንባብ የድል ምልክት መሆኑ ቀርቷል።

ከዚህ ተነሥቶ ዕቃ ሲመረጥ ነገሩ ይቀላል። ለጀማሪ የማስበው ገንዳ ከ200 እስከ 300 ሊትር የሚይዝ፣ ጥቂት ትንንሽ ዓሣና ለስላሳ ኮራሎች ያሉበት ነው። ወለሉ ላይ 80፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ 150 ፓር የሚሰጡ ሁለት ኤልኢዲዎች፣ በቂ ቀዳዳማ ድንጋይ፣ አንድ ስኪመር፣ በየሁለት ሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ መለወጥ። ፎስፌት የሚጠባ ነገር ልኬቱ ከፍ እስኪል ድረስ አይገዛ። ትንሽ ገንዳ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ለአንድ የሞተ ዓሣ እንኳ የሚበቃ ውሃ የለውም። አክሮፖራ የሚፈልግ ሰው መብራቱን ወደ 250 ሲያሳድግ የውሃውን እንቅስቃሴ አብሮ ማሳደግ አለበት፤ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከሃያ እስከ አርባ ጊዜ የሚያዞር ፓምፕ የቅንጦት አይደለም። በኮራሉ ቆዳ ላይ የቆመ ቀጭን የውሃ ሽፋን ካልተጠረገ አልጌው በብርሃን የሠራው ትርፍ ኦክስጅን መውጫ አጥቶ ይጎዳዋል። ይህ በመብራትና በማጣሪያ መካከል ስሙ የማይጠራው ሦስተኛ ዕቃ ነው፤ በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ መሆኑ ያሳዝናል።

ዕቃ ከአገር አገር ይዞ ለሚዘዋወር የኢትዮጵያ ተወላጅ አንድ ነገር አጥብቆ መናገር ይገባል። በአሜሪካ የተገዛ ፓምፕ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ተራው የአኳሪየም ፓምፕ የሚሽከረከረው በኸርዙ ልክ ስለሆነ አገር ቤት ሲሰካ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ ወደ አምስቱ ይወርዳል፣ ይሞቃልም፤ ስኪመር ከሆነ አረፋው ይደክማል። ከሪያድ ወደ አቡዳቢ የሚዛወርም እንዲሁ ያጋጥመዋል፤ ሳዑዲ በ60፣ ኤምሬቶች በ50 ኸርዝ ይሠራሉ። በቻርጀር በኩል በቀጥተኛ ጅረት የሚሠሩት አዳዲስ ፓምፖች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ መጻፉን አይቶ መግዛት ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ አለ። ከባሕር ወለል 2350 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ምጽዋ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ወደ 5 ነው። በመጽሐፍ የሚገኘው “በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ” የሚል ስሌት ሁሉ በባሕር ወለል የተሠራ ስለሆነ እዚህ ቢያንስ በአንድ አራተኛ መቀነስ አለበት። ስኪመሩም ከፍ ያለ መጠን ይመረጥ፤ እዚህ ከአረፋ ማውጫነቱ ይልቅ አየር ሰጪነቱ ይበልጣል። ሌሊቱ ስለሚበርድ በባሕረ ሰላጤው የግድ የሆነው ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፣ ማሞቂያው ግን ያስፈልጋል። ዓሣና ኮራልም በፈቃድ ከሚያስመጣ ሕጋዊ አርቢ ይገዛ፤ ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆኑ ድንበር የሚሻገሩት በሰነድ ነው።

መብራት ሲጠፋ የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በኢንቨርተር ወይም በባትሪ ላይ መጀመሪያ የሚሰካው ውሃ አንቀሳቃሹ ፓምፕ ነው፣ ቀጥሎ ማሞቂያው፤ ከሁሉ ዋጋ የወጣበት ኤልኢዲ መጨረሻ ነው። ኮራል ጥቂት የጨለማ ቀናት ይችላል፤ ጠባቂዎች ዳይኖፍላጀሌትን ለማጥፋት ሆን ብለው ገንዳውን ሦስት ቀን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ኮራሉም ተርፎ ይወጣል። ውሃው በቆመበት፣ ዓሣ በበዛበት ገንዳ ግን ኦክስጅኑ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ራሱ የሚነሣ ትንሽ አየር ነፊ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ገንዳው ውሃ ከመሞላቱ በፊት ተገዝቶ፣ ተሞክሮ፣ ቱቦው ገንዳው ውስጥ ገብቶ መቆየት አለበት።